የቫይታሚን እጥረት፣ የአንጎል ፕሮቲኖችና የመማር ችሎታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ቫይታሚን ለአንጎል ምን ይሠራለታል?

ቫይታሚን ራሱ ጉልበት አይሰጥም፤ ሌሎች ነገሮች ሥራቸውን እንዲሠሩ የሚያደርግ ግን እሱ ነው። የአንጎላችን ክብደት ከጠቅላላው ሰውነታችን 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዐርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ኃይል ከምግብ ለማውጣት የሚሠሩ ዋና ዋና ኢንዛይሞች ያለ ቫይታሚን ቢ1 ሥራቸውን መፈጸም አይችሉም። የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸውን እንደ ዶፓሚንና ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎች ለመሥራት ቢ6 ያስፈልጋል፤ የነርቭ ገመዶችን የሚሸፍነው ማይሊን የተባለው ሽፋን ጤናማ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ ቢ12 የግድ ነው።

ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ዲ ከእነዚህ ለየት ይላሉ። ሁለቱም በሰውነት ውስጥ ወደሚሠራው ቅርጻቸው ከተለወጡ በኋላ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ካሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ይጣመሩና የትኛው ዘረመል ሥራ እንዲጀምር፣ የትኛው ደግሞ እንዲያርፍ በመወሰን ይሳተፋሉ። በሌላ አነጋገር፣ አንጎል የትኛውን ፕሮቲን ምን ያህል እንደሚያመርት ከሚወሰንባቸው መንገዶች አንዱ በእነሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህም እጥረቱ ሲደርስ ጉዳቱ በአንድ ቦታ ተወስኖ አይቀርም።

«የአንጎል ፕሮቲን» ሲባል ከሥጋና ከባቄላ የምናገኘው ፕሮቲን ማለት ነው?

አይደለም። የምንበላው ፕሮቲን በሆዳችን ውስጥ ተፈጭቶ ወደ አሚኖ አሲዶች ይበተናል፤ የነርቭ ሕዋሳትም እነዚህን አሚኖ አሲዶች ተቀብለው የራሳቸውን ፕሮቲኖች እንደገና ይሠራሉ። ከእነዚህ መካከል መልእክት የሚቀበሉ፣ ኃይል የሚያመነጩ፣ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዙና ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆጣጠሩ ይገኙበታል። አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እያረጁ በአዲስ ይተካሉ።

ከትምህርት ጋር የሚያገናኘው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አንድ ተማሪ ዛሬ በክፍል የሰማውን ነገር ከሳምንት በኋላ ማስታወስ እንዲችል በነርቭ ሕዋሳቱ መገናኛዎች ላይ እውነተኛ አካላዊ ለውጥ መደረግ አለበት፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትውስታ አዲስ ፕሮቲን ሳይመረት አይጸናም። የፕሮቲን ምርቱ ሲጓደል ልጁ በትጋት ቢያጠናም ያጠናው ነገር ቶሎ ይጠፋበታል።

የቫይታሚን ዲ እጥረት የአንጎል ፕሮቲኖችን ይጎዳል የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?

ቫይታሚን ዲ ለረጅም ዘመን የአጥንት ቫይታሚን ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ የቫይታሚን ዲ ተቀባይ ፕሮቲን፣ እንዲሁም ቫይታሚኑን ወደሚሠራው ቅርጹ የሚለውጠው ኢንዛይም በሰው አንጎል ውስጥ፣ አዲስ ትምህርትን ለመያዝ ዋና ቦታ በሆነው በሂፖካምፐስ ጭምር፣ መኖራቸው ተረጋግጧል። አንድ አካል ተቀባዩንም ኢንዛይሙንም ይዞ ከተገኘ ቫይታሚኑ እዚያ ሥራ አለው ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዕድሜያቸው አጋማሽ ላይ ያሉ አይጦችን ለበርካታ ወራት ቫይታሚን ዲ የቀነሰበት ምግብ መገቧቸው። በኋላም አንጎላቸው ሲመረመር፣ ነፃ ራዲካል የሚባሉት ጎጂ ቅንጣቶች በርካታ የአንጎል ፕሮቲኖችን እንዳበላሹ ታየ፤ እነዚሁ አይጦች በመማርና በማስታወስ ፈተናዎችም በቂ ቫይታሚን ካገኙት ያነሰ ውጤት አስመዘገቡ። በጥናቱ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር የፕሮቲኖቹ መበላሸትና የመማር መዳከም በአንድ ላይ መታየታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጤነኛ ጎልማሳ አይጦችን ለ20 ሳምንታት ያለ ቫይታሚን ዲ አቆዩአቸው። በአንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ዙሪያ ከፕሮቲንና ከስኳር የተሠራ መረብ አለ፤ ይህ መረብ የጭቃ ቤትን ግድግዳ ማገሩ እንደሚይዘው ሁሉ በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ግንኙነት አጽንቶ ይይዛል። ቫይታሚኑን ባጡት አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ ይህ መረብ ሳስቶ፣ በሕዋሳት መካከል የነበረው ግንኙነትም ቀንሶ ተገኘ፤ የመማርና የማስታወስ ችሎታቸውም አብሮ ወረደ።

ፀሐይ በሞላበት አገር እንዴት የቫይታሚን ዲ እጥረት ይኖራል?

ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳችንን በቀጥታ ሲያገኘው ነው፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ ፀሐይ መውጣቷ ሳይሆን ቆዳችን ላይ ማረፏ ነው። ጨረሩ የመስኮት መስታወት አያልፍም፤ ጥቅጥቅ ያለ ደመናም ብዙውን ያስቀረዋል። በጥቁር ቆዳ ውስጥ በብዛት ያለው ሜላኒን የተባለው ቀለም ጨረሩን ስለሚይዝ፣ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ከነጣ ያለ ቆዳ ካለው ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ላይ መቆየት ያስፈልገዋል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የሚማሩ ልጆችን ደም መርምሮ ከመካከላቸው 42 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አግኝቷል። የከተማዎቹ ተማሪዎች ለብቻቸው ሲታዩ እጥረቱ 61.8 በመቶ፣ የገጠሮቹ ግን 21.2 በመቶ ነበር። አዳማ ከጅማ ይልቅ ደረቅና ፀሐያማ ናት። በእኛ ከተማ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ደመናውም ለሳምንታት ላይገለጥ ይችላል። በዚያ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ በክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ቅዳሜና እሑድን ደግሞ በቴሌቪዥን ፊት የሚያሳልፍ የጅማዎቹ የፈረንጅ አራዳ ወይም የመርካቶ ሰፈር ልጅ፣ ከብት ሲጠብቅ ከሚውለው የገጠር እኩያው በጣም ያነሰ ጨረር ያገኛል። በሃይማኖት ወይም በባህል ምክንያት ሰውነታቸውን ሸፍነው ለሚወጡ ሴቶች መፍትሔው ልብሳቸውን መቀየር አይደለም፤ በግቢያቸው ውስጥ ከሰው ዓይን ርቀው ክንዳቸውንና እግራቸውን ፀሐይ የሚያስነኩበት ጊዜ መፈለግ ወይም በሐኪም ትእዛዝ ቫይታሚኑን መውሰድ ይችላሉ።

ሕፃን ልጄን ፀሐይ የማሞቀው መቼና እንዴት ነው?

በየሰፈሩ የምናየው የተለመደ ነገር አለ። እናት ሕፃኗን በወፍራም ጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በራፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቱን ብቻ ለፀሐይ ትገልጣለች፤ ዓይኑን እንዳይወጋው ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ታጠላለታለች። ልጁ ይሞቀዋል፣ ነገር ግን ጨረሩ የሚያገኘው ቆዳ የመዳፍ ያህል ስለሆነ ቫይታሚኑ አይሠራለትም። ሙቀትና ቫይታሚን ዲ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብርድ በሌለበት ቦታ እጁን፣ እግሩንና ጀርባውን መግለጥ፣ ፊቱንና ዓይኑን ግን ከቀጥተኛ ፀሐይ መከለል ይሻላል።

ገና በምትወጣው ፀሐይ ውስጥ ይህ ጨረር በጣም አነስተኛ ነው። አንድ አዋቂ ሰው ቆሞ ጥላው ከቁመቱ ማጠር ሲጀምር ጨረሩ በቂ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ይህም በጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለሕፃን በዚያ ሰዓት አጭር ቆይታ ይበቃል፤ የቀትር ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋልና መራቅ አለበት። ክረምት ላይ ለሚወለዱና ጡት ብቻ ለሚጠቡ ሕፃናት በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ስለ መስጠት የጤና ባለሙያን ማማከር ተገቢ ነው፤ የእናት ጡት ወተት በሁሉም ነገር የተሟላ ቢሆንም በቫይታሚን ዲ ግን ደሃ ነው።

ለልጆች በዘመቻ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ለዓይን ነው ወይስ ለአንጎል?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንሿን ካፕሱል ይዛ ጫፏን በመቀስ ትቆርጥና ዘይቷን በልጁ አፍ ውስጥ ጨምቃ ታንጠባጥባለች። ሰማያዊዋ ካፕሱል 100,000 ዩኒት የያዘች ስትሆን ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት፣ ቀይዋ ደግሞ 200,000 ዩኒት የያዘች ሆና ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ትሰጣለች። የዘመቻው ዓላማ ልጆች በኩፍኝና በተቅማጥ እንዳይሞቱና ዓይናቸው እንዳይጠፋ ነው፤ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። አብሮ የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒትም እምቢ ማለት አይገባም፤ ወስፋት ያለበት ልጅ የዋጠውን ቫይታሚን ኤ በሚገባ አይመጥም።

ቫይታሚን ኤ በአንጎልም ውስጥ ሥራ አለው። ሬቲኖይክ አሲድ ወደሚባለው ቅርጹ ሲለወጥ፣ በሂፖካምፐስ ውስጥ ኒውሮግራኒን የተባለው ፕሮቲን እንዲመረት ትእዛዝ ከሚሰጡት አንዱ ይሆናል። ኒውሮግራኒን ካልሞዱሊን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይዞ ይቆያል፤ ሕዋሱ መልእክት ደርሶት ካልሲየም ሲገባበት ይለቀዋል፤ የተለቀቀው ካልሞዱሊንም የሕዋሳቱን መገናኛ የሚያጠነክሩ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። በቫይታሚን ኤ እጥረት ባደጉ የቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ኒውሮግራኒን መቀነሱ፣ የመገናኛዎቹ መጠንከርም መዳከሙ ታይቷል።

በጾም ምክንያት የቢ12 እጥረት ሊይዘን ይችላል?

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ብቻ ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ግን በጉበቱ ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው፣ በጾም ወራት ተዋጽኦ ቢያቋርጥና በፍስክ ጊዜ ደግሞ በሚገባ ቢመገብ በቀላሉ አይጎዳም። በረመዳን የሚጾም ሰውም በኢፍጣርና በሱሁር የተሟላ ምግብ እስከበላ ድረስ ጾሙ ራሱ ቫይታሚን አያጎድልበትም።

የሚያሳስበው የሕፃናቱ ነገር ነው። ክምችታቸው ትንሽ ነው፤ አንጎላቸው ደግሞ ማይሊን እየሠራ ያለው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ነው። በኔዘርላንድስ እስከ 6 ዓመታቸው ድረስ ከእንስሳት ተዋጽኦ በጣም ርቀው ያደጉ ልጆች፣ ከዚያ በኋላ አመጋገባቸው ቢስተካከልም፣ በአፍላ ወጣትነታቸው ሲፈተኑ የቢ12 መጠናቸው ዝቅ ያለባቸው በአስተሳሰብና በአጭር ጊዜ ትውስታ ፈተናዎች ደክመው እንደተገኙ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲጾሙ አይገደዱም፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሲጾም የማብሰያው ዕቃ በፍስክ ይነካል በሚል ስጋት የሕፃኑም እንቁላልና ወተት አብሮ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ለልጁ አንዲት ትንሽ ብረት ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታል፤ እናቶች ይህን ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢነጋገሩበት መልካም ነው። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችም ስለ ራሳቸው ጾም እንዲሁ ቢነጋገሩ ይመከራል፤ ቢ12 ያነሳት እናት ለሕፃኗ በወተቷ የምትሰጠውም ያንሳል።

ነፍሰ ጡር ስሆን ፎሊክ አሲድ ብጀምር አይበቃም?

ብዙውን ጊዜ ይዘገያል። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው፤ ይህም ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን ገና ሳያውቁ ማለት ነው። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር አስቀድማ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ (በምግብ ውስጥ ሲገኝ ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚን) መውሰድ ይኖርባታል። በአገራችን በአከርካሪና በአንጎል ጉድለት የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ ስለሆነ፣ ይህ ምክር ከሠርግ ዝግጅት ጋር አብሮ ቢነገር ደስ ይለኝ ነበር።

ልጄ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ። የቫይታሚን እጥረት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በትምህርት መድከም ብቻውን የቫይታሚን እጥረት ምልክት አይደለም። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ፣ ከሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በደንብ የማያይ፣ ጆሮው የሚመግል፣ ወባ የሚመላለስበት ወይም በቤት ውስጥ ጭንቀት ያለበት ልጅም ይደክማል። ደም ማነስና የአዮዲን እጥረት ደግሞ ከቫይታሚን ባይቆጠሩም መማርን በእጅጉ ይጎዳሉ፤ የአዮዲን እጥረት በዓለም ላይ አስቀድሞ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአንጎል ጉዳት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። አዮዲን ያለበትን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል።

ጥርጣሬውን የሚያጠናክሩ ምልክቶች ግን አሉ። ልጁ ሲመሽ በዕቃ የሚደናቀፍ ከሆነ ዳፍንት ሊሆን ይችላል፤ ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። የእግር መወላገድና የጥርስ መዘግየት ወደ ቫይታሚን ዲ ይጠቁማሉ። የምላስ መቅላትና መላጥ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የፊት መገርጣት፣ ይችል የነበረውን ነገር መርሳት ከታዩ ቢ12 ወይም ፎሌት መመርመር አለበት። ቫይታሚን ዲ በደም ምርመራ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ብዙ ባለሙያዎች እጥረት ይሉታል። መምህራንን አጥብቄ የምለምነው ነገር ቢኖር፣ ልጁን «ሰነፍ» ከማለታቸው በፊት ወላጁን ጠርተው ጤና ጣቢያ እንዲያስመረምረው እንዲመክሩት ነው። ያ ስም አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ልጁ ራሱ ያምነዋል።

ከጅማ ገበያ ምን ልግዛ?

የጅማ ገበያ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ለቫይታሚን ኤ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዱባ፣ ካሮትና ጎመን በየወቅቱ አሉ፤ ከእነዚህ የሚገኘው ንጥረ ነገር ቅባት ካልተጨመረበት በደንብ ስለማይመጠጥ፣ ጎመኑን በትንሽ ዘይት ማብሰል ወይም አቮካዶ ጨምሮ መብላት ጥሩ ነው። አቮካዶው ራሱ ፎሌት አለው፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላም እንዲሁ። ቢ1 በጤፍ፣ በገብስና በጥራጥሬ ውስጥ በበቂ ይገኛል፤ ፊኖ ዱቄትና ነጭ ሩዝ ግን ሲፈተጉ አብዛኛውን ያጣሉ፤ ስለዚህ ፓስታና ሩዝ የዘወትር ምግብ ሆነው እንጀራውን ባይተኩት ይመረጣል። በሳምንት ጥቂት እንቁላሎች ኤ፣ ዲ እና ቢ12ን አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣው ዓሣም ቢ12 አለው፣ ጥቂት ቫይታሚን ዲም ይጨምራል። የአገር ውስጥ የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ እ.ኤ.አ. በ2022 አስገዳጅ ደረጃ ስለወጣ ሲገዙ ምልክቱን ይመልከቱ።

አንድ የወጥ ቤት ነገር ልጨምር። ጎመኑ በጥሩ ከተከተፈ በኋላ በሳፋ ውኃ ሲታጠብ፣ ከዚያም ተቀቅሎ አረንጓዴው ውኃ ሲደፋ፣ ፎሌቱና ቫይታሚን ሲው አብረው ይደፋሉ። መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ መክተፍ፣ በጥቂት ውኃ ቶሎ አብስሎ ውኃውን ከነጎመኑ መብላት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ለውጥ ነው።

ቡናና ጫት በዚህ ላይ ለውጥ ያመጣሉ?

ቡና በዋነኛነት የሚያስቸግረው የብረት ማዕድንን መመጠጥ ስለሚቀንስ ነው፤ ምግብ እንደተበላ ወዲያው ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል። ለትንንሽ ልጆች በስኒ ቅምሻ መስጠት ግን ቢቀር ይሻላል፤ ደም ማነስ ላለበት ልጅ ጎጂ ነው።

ጫት የተለየ ጉዳይ ነው። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገሩ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ እንቅልፍንም ይከለክላል። በፈተና ሰሞን ለማጥናት ሲል የሚቅም ተማሪ ምሳና እራቱን ይዘላል፤ በዚያ ላይ የተማረው ነገር በትውስታው የሚጸናበትን እንቅልፍ ያጣል። ነቅቶ መቆየቱን ከመማር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው።

አዋቂዎችና አረጋውያንስ?

ሦስት ቡድኖች ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። ዕድሜ ሲገፋ ሆድ ቢ12ን ከምግብ የመለየት አቅሙ ይደክማል፤ ስለዚህ የመርሳት ችግር ያመጣ አዛውንት ሁሉ «እርጅና ነው» ተብሎ ከመሸኘቱ በፊት ቢ12 መመርመር አለበት። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎችም ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል፤ መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ማቆም የለባቸውም። አረቄ አዘውትረው የሚጠጡና በደንብ የማይበሉ ሰዎች ደግሞ ቢ1 ያጣሉ፤ ይህ ሲከፋ አዲስ ነገር በትውስታ መያዝን ፈጽሞ የሚያጠፋ ሕመም ያስከትላል፤ ፈጥኖ ካልታከመ ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል።

የቫይታሚን እንክብል ገዝቼ ብሰጠው ልጄ ጎበዝ ይሆናል?

እጥረት ካለበት ሊረዳው ይችላል። እጥረት ከሌለበት ግን ትርፍ ቫይታሚን አእምሮውን አያሰፋውም፤ በቂ የሚመገቡ ልጆች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ያሳዩት ጭማሪ ወይ በጣም ትንሽ ነው ወይም የለም። በአሜሪካ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለዓመታት የሰጠ ትልቅ ሙከራም የማሰብ ችሎታቸው መውረዱን እንዳላዘገየው አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች ከመጀመሪያውም እጥረት አልነበረባቸውም። ቫይታሚን የጎደለውን ይሞላል እንጂ ከሙሉው በላይ አይጨምርም።

ጉዳትም አለው። ቫይታሚን ኤ እና ዲ በውኃ የሚሟሙ ስላልሆኑ ትርፉ በሽንት አይወጣም፣ ይጠራቀማል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ግራ መጋባትና የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፤ ለአዋቂ ያለ ሐኪም ክትትል በቀን ከ4,000 ዩኒት ማለፍ አይመከርም። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንስን ያበላሻል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ለልጆች የሚሰጠውን ካፕሱል መውሰድ የለባትም። ቢ12 ለሚያንሰው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ መስጠትም አደገኛ ነው፤ የደም ማነሱን አስተካክሎ የተሻለው ያስመስላል፣ የነርቭ ጉዳቱ ግን ከውስጥ እየቀጠለ ይሄዳል።

በአይጥ የታየውን እንዴት ለሰው ልጅ እናምነዋለን?

ሙሉ በሙሉ ልንገለብጠው አንችልም። የአንጎልን ፕሮቲን በቀጥታ ለመለካት ሕብረ ሕዋሱን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ይህን በጤነኛ ልጅ ላይ ማድረግ አይቻልም፣ አይገባምም። አይጦቹ ደግሞ አንድ ቫይታሚን ብቻ እንዲጎድላቸው ተደርጎ ይመገባሉ፤ በእኛ ቤቶች ግን አንድ ነገር ብቻ የሚጎድለው ልጅ ብርቅ ነው። በሰዎች ላይ የቫይታሚን ዲ መጠን ማነስና የትውስታ መድከም አብረው መታየታቸው ተደጋግሞ ቢዘገብም፣ አብሮ መታየት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም፤ የታመመ ሰው ከቤት ስለማይወጣ ፀሐይ አያገኝምና ነገሩ ተገላቢጦሽም ሊሆን ይችላል።

ለቢ1፣ ለቢ12 እና ለፎሌት ግን ከሰው የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በእኔ ግምገማ፣ ስለ ቫይታሚን ዲ ያለን ዕውቀት እጥረትን ለማስወገድ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ልጆችን በከፍተኛ መጠን ለማከም ግን ገና አይበቃም።

እጥረቱ ከተስተካከለ የመማር ችሎታው ይመለሳል?

መልሱ በየትኛው ቫይታሚን፣ በስንት ዓመቱና ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቫይታሚን ኤ ተነፍገው የሕዋሳት መገናኛቸው የመጠንከር አቅሙን ባጣ አይጦች ላይ ቫይታሚኑ ሲመለስ አቅሙም ተመልሷል፤ ይህ የሚያጽናና ነው፣ ምክንያቱም ሕዋሱ ሳይሞት የፕሮቲን ምርቱ ብቻ ተጓድሎ እንደነበር ያሳያል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል ቢ1 የጎደለው የሕፃናት ወተት በስሕተት ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ያን ወተት ከጠጡት ሕፃናት መካከል በወቅቱ ግልጽ የነርቭ ሕመም ያልታየባቸው ጭምር ከዓመታት በኋላ ሲፈተኑ ብዙዎቹ በቋንቋ ችሎታቸው ከእኩዮቻቸው ወደ ኋላ ቀርተው ተገኝተዋል። አንጎል ቋንቋን ለመያዝ በሚዘጋጅበት ጊዜ የደረሰው የጥቂት ወራት ጉድለት በኋላ በተሰጠ ቫይታሚን አልተሞላም።

በቢ12 ረገድም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ሕክምና የጀመረ ሕፃን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ንቁ ሆኖ፣ መሳቅና መጫወት ጀምሮ ይታያል፤ እጥረቱ ብዙ ወራት ከቆየ ግን የተወሰነው የዕድገት መዘግየት ሊቀር ይችላል። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ከታከመ በኋላ ያመለጠውን ትምህርት ደግሞ ቫይታሚኑ አያስተምረውም። መምህሩና ወላጁ ተነጋግረው፣ ልጁ ደክሞ በነበረበት ዓመት ያለፉትን ንባብና ሒሳብ ከመሠረቱ መልሶ የሚማርበት ተጨማሪ ጊዜ ሊያዘጋጁለት ይገባል፤ ቀጣዩ ምርመራውም ሐኪሙ በወሰነው ቀን መደረግ አለበት።